ጥለቱን ተዉትና ነጩን እዩ

የሸማ ገዢ ሁሉ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ጥለቱ ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥም ሆነ ሾላ ገበያ ዳር ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ነጠላውን የሚያጥፈው ጥለቱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጎ ነው። ቀለም ይመረጣል፣ መስቀሉ ይደነቃል፣ «ዘንድሮ የወጣው ይሄ ነው» ይባላል፣ ዋጋ ይቆረጣል። ነጩ፣ ማለትም አብዛኛው ጨርቅ፣ ማንም ሳያየው ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይሄዳል። እኔ ግን የሸማኔ እጅ የሚታወቀው በነጩ ነው ባይ ነኝ። ጥለት ምርጫን ያሳያል፤ ቀለም ደግሞ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ነጭ ምንም አይሸፍንም።

ይህን ለመፈተን ከጋቢ የተሻለ ልብስ የለም። የጋቢ ጥለት ቀጭን ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ የለውም። የቀረው አራት ሆኖ የተደረበ ነጭ ጥጥ ብቻ ነው። ጌጥ ስለሌለው ሠሪው የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም።

የጋቢ ፈተና ደግሞ ብርድ ነው። የአዲስ አበባው የካ ክፍለ ከተማ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ከመገናኛና ከሾላ ተነስቶ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፎ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ የእንጦጦ ጀርባ ላይ ሲደርስ ከፍታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ክረምትን ብርድ አይለውም፤ ጭቃና እርጥበት ነው የሚለው። ደመናው ሌሊት የምድሩን ሙቀት ይዞ ያቆያልና። ብርዱ የሚመጣው መስቀል አልፎ፣ አደዩ ረግፎ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ኮከቡ በደመቀ ቁጥር የማለዳው ውርጭ ይበረታል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሆድ ብቻ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ጋቢ ልብስ መሆኑ ቀርቶ እንደ ምጣድና እንደ ጀበና ያለ የቤት ዕቃ ይሆናል። አራሷ ገንፎዋን ስትበላ ከትከሻዋ አይወርድም። አባወራው ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ማኅሌት ሲቆም ያድርበታል። ዘበኛው በር ላይ ተጠቅልሎበት ያነጋል። ጎሕ ሲቀድ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ተጠምቆ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ቤተሰብም ከምሳ ዕቃው ጋር ጋቢ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱ ለበሽተኛው፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚያድረው አስታማሚ። የአስታማሚውን ማንም አያስታውስለትም፤ ብዙ ጊዜ ታሞ የሚመለሰውም እሱ ነው።

ጋቢው ደካማ ከሆነ ቤተሰቡ ሙቀት ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሌላው ቦታ ደግሞ የከሰል ምድጃ ነው። መስኮትና በር ዘግቶ ከሰል አስገብቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነጋለት ቀረ የሚል ወሬ አዲስ አበባ በብርድ ወራት ትሰማዋለች። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቅሰውም። ስለዚህ «ጥሩ ጋቢ ውድ ነው» የሚለኝን ሰው ሒሳቡን ከዚህ ጀምሮ እንዲያሰላው እነግረዋለሁ።

ጥሩ ጋቢ ጥሩ የሚሆነው ገና እሸማኔው ቤት ሳይገባ ነው። ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ ወይም ከመተማና ከሁመራ ቆላ ይመጣል። በድሮው አሠራር ፍሬው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት እየተዳመጠ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በመዳፍ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆንና ፈታይዋ እጅ ይገባል። መንደፍ የሚናቅ ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም። በደንብ ያልተነደፈ ጥጥ ቋጠሮ ይዞ ይቀራል፤ ቋጠሮው ፈትሉ ውስጥ ጉብ ጉብ ይላል፤ ፈትሉ ጨርቅ ሲሆን ጉብታው የሕፃን ጉንጭ ላይ ይታወቃል።

ፈታይ ሴት ስትሠራ አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ቀኝ እጇ እንዝርቱን አሽከርክሮ ይለቀዋል፤ ግራ እጇ አመልማሎውን ከፍ አድርጎ ይስባል፤ በመካከል ጥጡ ክር ሆኖ ይወርዳል። ውፍረቱን የሚወስነው ዓይኗ አይደለም። በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መካከል የሚያልፈው ጥጥ ሲሳሳና ሲወፍር ጣቷ ያውቀዋል። ቡናው እስኪፈላ ትፈትላለች፣ ጎረቤት እያጫወተች ትፈትላለች፣ የልጅ ልጇን እየተቆጣች ትፈትላለች፤ ፈትሉ ግን ከንግግሯ ጋር ከፍና ዝቅ አይልም። ልቃቂቱ ሲሞላ ጠዋት የተፈተለውንና ማታ የተፈተለውን ለይቶ ማሳየት የሚችል ሰው ካለ ፈታይዋ ገና ለማጅ ናት።

የክሩ አከራረር ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ድር የሚሆነው ክር ጠበቅ ብሎ መክረር አለበት፤ ተወጥሮ እየተነሳና እየወደቀ ስለሚሠራ ላላ ያለ ክር አይችለውም። ማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ ነው ደስ የሚለው። የሚያሞቀው ክሩ ሳይሆን በክሩ ቃጫና በድርቦቹ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው። ጠብቆ የከረረ ክር አየር አይዝም። ዛሬ በአብዛኛው ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ፋብሪካው ለውጥረት የሚሆነውን ጠንካራ ክር አሳምሮ ይሠራል፤ ለሙቀት የሚሆነውን ለስላሳ ክር ደግሞ እጅ ይሠራዋል። ቅር የሚለኝ ድርና ማጉ ሁለቱም የፋብሪካ ሆኖ «የእጅ ፈትል ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው። እንዲህ ያለው ጋቢ ሲነኩት ለስላሳ፣ ሲያዩት ንጹሕ፣ ሲለብሱት ቀዝቃዛ ነው።

እናት ለልጇ ጋቢ የምትፈትልበት ዘመን ፈጽሞ አላለፈም። ልጁ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ልጅቷ ስትዳር፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ሊመጣ ሲል ልቃቂቱ ተጠራቅሞ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ድርድሩም የታወቀ ነው። «ልጄ፣ ፈትሌን ከሌላ ሰው ፈትል እንዳትቀላቅልብኝ» ይላሉ እናት። «እማማ፣ የእርስዎን ፈትል ከማን ጋር ብቀላቅለው ይመሳሰልልኛል?» ይላል ሸማኔው። ሙገሳም ነው፣ ማምለጫም ነው።

ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በእንጦጦ ግርጌ ሽመናን ይዘው የኖሩት በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ዶርዜና ጨንቻ ስማቸው ከሸማ ተለይቶ አይጠራም። እነሱም ከብርድ አገር ስለመጡ ወፍራም ልብስ ምን መምሰል እንዳለበት ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም። ሥራቸው የሚታየው በሚቀመጡበት ጉድጓድ አፍ ነው። ሸማኔው እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ ሁለቱን መርገጫ ይይዛል። አንዱን ሲረግጥ የድሩ ግማሽ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከል በተከፈተው ክፍተት መወርወሪያው ቀሰሙን ይዞ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ይበራል። ከዚያ ማጉ ይመታል። ሌላው መርገጫ፣ መወርወሪያው ተመልሶ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ምት። ጋቢ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም።

አስቸጋሪው ምቱን እኩል ማድረግ ነው። ጠንከር ያለ ምት ማጉን ያጠጋጋል፤ ደከም ያለ ምት ያሳሳዋል። ጠዋት በጉልበት የጀመረ ሰው ማታ ሲደክመው ጨርቁ ያሳብቅበታል። ጋቢውን ዘርግታችሁ ከመስኮት ፊት ያዙት፤ ብርሃኑ በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ ወርዱን ተከትሎ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ የሚል መስመር ካያችሁ ሸማኔው ለምሳ የተነሳበትን፣ የተናደደበትን፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት እያያችሁ ነው። ከታላላቆቹ እጅ የወጣ ጋቢ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ፈልጋችሁ አታገኙም። ሰውየው ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ የተነሳበትና የተመለሰበት ሁሉ አንድ ትንፋሽ ሆኖ ይታያል። እኔን ከጥለት ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ማጉ ከዳር ደርሶ ሲመለስ ሸማኔው ትንሽ አጥብቆ ከጎተተው ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ከለቀቀው ደግሞ ክሩ ዳር ላይ ቀለበት እየሠራ ይንጠለጠላል። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚለካውም በትንሽ ጣት ስሜት ነው። ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ጋቢ ይዛችሁ ከሆነ በሺዎች ለሚቆጠሩ መመለሻዎች ያች ትንሽ ጣት አልተሳሳተችም ማለት ነው። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመወርወሪያው መንገድ ከሸማኔው ክንድ ስለማይበልጥ የጨርቁ ወርድ ውሱን ነው፤ ጋቢ ጋቢ የሚሆነው ወርድ ከወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ጠርዙ የተጣመመ ከሆነ ስፌቱ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ስፌት ደግሞ ጎድን ሥር ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ይቆረቁራል። የተኛ በሽተኛ ካላችሁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ ቀን በአንድ ጎኑ ለተኛ ሰው ቆዳ የጨርቅ ጭምድድ ራሱ የቁስል መነሻ ይሆናል።

ክር ሲበጠስስ? ይበጠሳል፤ ሳይበጠስ የሚያልቅ ጋቢ የለም። ችኩሉ ቋጥሮት ያልፋል፤ ቋጠሮው እንደ ጥቁር ነጥብ ከብርሃን ፊት ይታያል። ጥሩው ሸማኔ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ያከርረዋል፤ ጣታችሁን ብትጎትቱበት የተበጠሰበትን አታገኙትም። እኔ ሸማ ሳይ ጥለቱን ከማድነቄ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን በነጩ ላይ አንሸራትታለሁ። ነጋዴዎች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ስፌትን ካነሳን ዘንድ ሌላም ነገር አለ። ተስቦና ግርሻ በዚህ ከተማ የታወቁ የክረምት በሽታዎች ነበሩ፤ የሚያስተላልፋቸውም የልብስ ቅማል ነው። ዝናብና ጭቃ ሰውን በአንድ ክፍል አጨናንቆ፣ ልብስ ሳይታጠብ ደራርቦ ሲያስቀምጠው ቅማሉ ይራባል። የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለውም ልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። በእጅ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሰፋ፣ እጥፉ ያልተደራረበ ጋቢ ለቅማል መደበቂያ አይሰጥም፤ ለሚያጥበውም ሰው ሙቅ ውሃው ስፌቱ ውስጥ ድረስ ይደርስለታል። ጋቢ ደግሞ ከሌላው ልብስ የሚለየው ማጠብ የማይፈራ መሆኑ ነው። አዲስ ሲሆን ገተር ይላል፤ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ላላ ያለው ማግ ያብጣል፣ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ይሞላል። ጥሩ ጋቢ ከመጀመሪያ ቀኑ ይልቅ ከብዙ እጥበት በኋላ ይሞቃል። መጥፎው በዚያው እጥበት ይንሸዋረራል፤ አንዱ ወርድ አጥሮ ሌላው ይረዝማል። ስለዚህ የሸማኔን ሥራ በመጨረሻ የሚፈርድለት ገዢው ሳይሆን አጣቢው ነው።

በኛ ቤት የጋቢ ማጠቢያ ቀን የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነበር። ኅዳር 12 አዲስ አበባ ቤትና ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን የሚያቃጥልበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባል ማለዳ ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን ከመታበት ጊዜ ጋር ይያያዛል፤ በሽታው ራሱ እስካሁን «የኅዳር በሽታ» ይባላል። የዛሬው ጥራጊ ፕላስቲክ ስለሚበዛበት ጭሱ ከሚያባርረው በሽታ የሚያመጣው ይበልጣል፤ ማቃጠሉ ቢቀር እኔ አላዝንም። ጠረጋውና እጥበቱ ግን ይቀጥል። ያ ሳምንት በየካ ፀሐዩ የጠራ፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፤ አራት ድርብ ጋቢ እስከ ውስጡ ድረስ የሚደርቅበት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሳይደርቅ ታጥፎ የተቀመጠ ጋቢ ይሻግታል፤ አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ሻጋታ ጠላት ነው።

ለጨቅላ ሕፃን ግን አዲስ ጋቢ አይሰጥም፤ ይህን አያቶች ያውቁታል። የሚሰጠው የእናቱ አሮጌ ነጠላ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ዘርፉ የረገፈ። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የተወለደ ሕፃን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሳይታጠብ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ እንዲሞቅ ይመክራል። በላያቸው ጋቢ ደረብ ሲደረግ የእንጦጦ ብርድ ምንም አያመጣም። አንድ ነገር ብቻ ለአያቶቻችን በአክብሮት ልንነግራቸው ይገባል፦ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ የሕፃኑ ፊት አይሸፈን። ገላው ይሸፈን፤ አፍንጫውና አፉ ይገለጥ።

ሸማኔውን ለማወደስ የሚመች ቃል በአገራችን ብዙ ዘመን አልነበረም። ሠሪውን መስደብ ጨዋነት ይመስል ነበር፤ ሸማ የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» ይሉት ነበር፤ የሠራውን ግን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እጀ ሠሪን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነው። አዋጁ አፍን ዘጋ እንጂ ኪስ አልከፈተም። ለሥራው የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ ስለቆየ በዚህ ከተማ ሕፃናት ከጋሞ እየመጡ ሽመና ላይ ሲቀመጡ ኖረዋል። በልጅ ጉልበት የተሸመነ ጨርቅ ጠርዙ ቀጥ ቢልም ላመሰግነው አልችልም።

ሴቶቹም አሉ። በባህል መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው ተብሎ ቢኖርም እንጦጦ ላይ ይህ ተሽሯል። ከተራራው ባሕር ዛፍ እየለቀሙ ከ30 ኪሎ የሚያልፍ ሸክም ተሸክመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች የቀድሞ እንጨት ተሸካሚዎች ማህበር አቋቁመው ሽመና ላይ ተቀመጡ። ወገባቸው ከሸክም ያረፈ የእነዚያ ሴቶች ሥራ፣ በተለይ ስስ የአንገት ልብሱ፣ ነጩን ከብርሃን ፊት ለመያዝ የሚያሳፍር አይደለም።

ገበያው ወቅቱን ይከተላል። ከነሐሴ ጀምሮ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚሆነው ነጠላ ይጣደፋል። የጋሞ ሰው መስቀልን አገሩ ገብቶ ስለሚያከብር በዓሉ ሲደርስ ብዙ ሸማኔ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ጋቢ የሚያስፈልገው ደግሞ ልክ እነሱ በሌሉበት፣ ብርዱ ሲጀምር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ «ለሳምንት አድርስልኝ» የሚል ሰው የሚያገኘው ጥድፊያ የሠራውን፣ ከብርሃን ፊት ሲይዙት መስመር የበዛበትን ጨርቅ ነው።

ስለዚህ ጋቢያችሁን በሰኔ እዘዙ። በዝናቡ ወራት ፈታይዋ ቤቷ ናት፣ ሸማኔውም ነሐሴ እስኪገባ ጊዜ አለው። ስትዋዋሉ የፈትሉን ዋጋ ከሽመናው ለይታችሁ ጠይቁ፤ የፈታይዋ ድርሻ ስንት እንደሆነ ሲነገራችሁ ትንሽ ከመሰላችሁ ጨምሩላት። ጋቢው ሲመጣም ለጎረቤት ከማሳየታችሁ በፊት ወደ መስኮቱ ውሰዱት።